ሞተሩን የሚያቃጥለው ጥርሱ ነው
በራዲዮ የሚነዳውን የኤሌክትሪክ ባጊ አስማምቶ ስለ መሸጥ

ከሱቅ የወጣ ዕቃ ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ ከነጋዴ ጥበብ ሁሉ ዋነኛው ነው። የተመለሰ ዕቃ ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋናውንም ይበላል፤ ከዚህም በላይ ደንበኛውን ያርቃል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሻጩ ጥቂት ነገር ባለማወቁ ብቻ ተመላሽ ስለሚሆን አንድ ሸቀጥ ለነጋዴ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ልንገልጽ አስበናል። ሸቀጡም በራዲዮ የሚነዳው የኤሌክትሪክ ባጊ ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ አባት ለልጁ ባጊ ይገዛል። ልጁ አንድ ወር ያህል ከነዳው በኋላ ፍጥነቱ አነሰኝ ይላል። አባትየው ወደ ሱቁ ተመልሶ «ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ይኖርዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩም ኃይለኛውን ሞተር ከመደርደሪያው አውርዶ ይሰጠውና «ትልቁንም ፒኞን ይግጠሙበት፤ ይበርልዎታል» ይለዋል። በአራተኛው ቀን አባትየው ሞተሩን በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። ሞተሩ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። «የሸጡልኝ ዕቃ ብልሹ ነው» ይላል። ሻጩ ፋብሪካውን ይወቅሳል፤ አስመጪውም ሻጩን ይወቅሳል። በእውነቱ ግን ሞተሩም ፋብሪካውም ገዢውም አላጠፉም። ያጠፋው የተሰጠው ምክር ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ባጊ ማለት በአሸዋና በአባጣ ጎርባጣ ሜዳ ላይ እንዲሮጥ የተሠራ፣ ወፋፍራም የኋላ ጎማና ለስላሳ ሞላ ያለው ቀላል መኪና ነው። እኛ የምንናገርለት በመጠኑ ከእውነተኛው አንድ አሥረኛ የሚሆነውን ነው። በውስጡ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም ባትሪ፣ ሞተር፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ የራዲዮ ተቀባይና መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ ናቸው። ነጂው በእጁ በያዘው አስተላላፊ ቃታውን ሲስብ ባጊው ይሄዳል፤ ቃታውን ወደ ፊት ሲገፋ ፍሬን ይይዛል።

ይህ ሸቀጥ የቆየ ታሪክ አለው። በጃፓን ሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ፖርሽ 934 የተባለውን መኪና በራዲዮ እንዲነዳ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። በ1979 ሳንድ ስኮርቸርና ራፍ ራይደር የተባሉትን የሜዳ መኪናዎች አወጣ። በ1984 ደግሞ ግራስሆፐርና ሆርኔት የተባሉት ባጊዎች ወጡ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ቲም አሶሼትድ የተባለ ኩባንያ አር ሲ 10 የሚባለውን፣ ለውድድር የታሰበ ባጊ አቀረበ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በካሊፎርኒያ ዴል ማር በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጄይ ሃልሲ በሁለት ጎማ በሚነዱት ክፍል በዚህ ባጊ አሸነፈ።

ከእነዚህ ሁሉ ለነጋዴ ትምህርት የሚሆኑት ግራስሆፐርና ሆርኔት ናቸው። ሁለቱ በአካላቸው እጅግ የሚመሳሰሉ እኅትማማቾች ሲሆኑ፣ ግራስሆፐር 380 የሚባለውን አነስተኛ ሞተር፣ ሆርኔት ደግሞ 540 የሚባለውን ተለቅ ያለ ሞተር ይዘው ወጡ። የመጀመሪያው ሞተር ውፍረት 28 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሁለተኛው 36 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኩባንያው ለጀማሪ ትንሹን፣ ለለመደ ትልቁን ሲሰጥ እያንዳንዱን ከጥርሱና ከባትሪው ጋር አስማምቶ ነበር። ሆርኔት በ2004፣ ግራስሆፐርም በ2005 እንደገና ተሠርተው ለገበያ ቀርበዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ገዢ ያገኘ ዕቃ የመለዋወጫውም ንግድ ረጅም ዕድሜ እንዳለው ይመሰክራል።

ፒኞንና ኮሮና

የጭነት መኪና ያለው ነጋዴ ሁሉ ፒኞንና ኮሮና የሚባሉትን ከመካኒኩ አፍ ሰምቷል። በባጊም ውስጥ ነገሩ ያው ነው። በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚታሰረው ትንሹ ባለጥርስ ፒኞን ነው፤ እርሱ የሚያዞረው ትልቁ ኮሮና ነው። ከኮሮናው በኋላ ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ የማይለወጥ ሌላ ጥርስ አለ፤ የእርሱን ልክ ፋብሪካው በመመሪያው ላይ ያትመዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የኮሮናውን ጥርስ ቍጥር ለፒኞኑ ጥርስ ቍጥር አካፍሎ፣ የተገኘውን በሣጥኑ ልክ ማባዛት ነው። ለምሳሌ ኮሮናው 81 ጥርስ፣ ፒኞኑ 21 ጥርስ፣ የሣጥኑ ልክ 2.6 ቢሆን ውጤቱ 10.03 ይሆናል። ይህም ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ አሥር ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው።

ፍጥነቱንም በዚሁ ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ በአንድ ቮልት በደቂቃ 3,900 ጊዜ የሚዞር፣ ባትሪው 7.4 ቮልት ቢሆን፣ ሞተሩ ያለ ሸክም በደቂቃ 28,860 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 267 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ባጊው በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ፒኞኑን ከ21 ጥርስ ወደ 25 ብናሳድገው ልኩ ከ10.03 ወደ 8.42 ይወርዳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ በሜዳ ላይ ሸክምና የአየር ግፊት ስላለ ከዚህ ያነሰ ነው የሚገኘው። ሆኖም በወረቀት ላይ ያለው ልዩነት ለገዢው እጅግ ያስደስተዋል፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል።

ፍጥነት በ19፣ ሙቀት በ42

የተጫነ መኪና በአራተኛ ማርሽ ዳገት ቢወጣ ምን እንደሚሆን ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ሞተሩ ያቃስታል፤ በመጨረሻም ይቆማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይቆምም። አቅሙን ለማሟላት ከባትሪው ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሳያጉረመርም ይቃጠላል እንጂ አያስጠነቅቅም።

ስሌቱን እንመልከት። ፒኞኑ ከ21 ወደ 25 ጥርስ ሲያድግ ፍጥነቱ በ19 በመቶ ይጨምራል። ነገር ግን ባጊውን በዚያው ጉልበት ለማስነሣት ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክም በ19 በመቶ ይጨምራል። በሽቦው ውስጥ የሚወለደው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በኤሌክትሪኩ ልክ ሳይሆን በኤሌክትሪኩ ስኩዌር ነው። ስለዚህ ሙቀቱ በ42 በመቶ ያህል ያድጋል። ከዚህም ሌላ መዳብ በሞቀ ቍጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ተቃውሞው 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል ማለት ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔትም ከልክ በላይ ሲሞቅ ኃይሉን ያጣል፤ ያጣውንም ኃይል ቢቀዘቅዝ እንኳ ሁሉንም መልሶ አያገኝም።

እንግዲህ ያ አባት የገዛው ኃይለኛ ሞተር በሽቦው ዙር ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞም ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስብ ነበር። በ540 መጠን ሞተሮች ላይ 17.5፣ 13.5፣ 10.5 ተብሎ የሚጻፈው የሽቦው ዙር ቍጥር ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ሞተሩ ፈጣንና ኤሌክትሪክ ጠጪ ይሆናል። ትክክለኛው ምክር እንግዲህ የተሰጠው ምክር ተቃራኒ ነው፤ ሞተሩ ፈጣን በሆነ ቍጥር ፒኞኑ ማነስ አለበት።

በሜዳ ላይ እንዴት ይለካል?

ልኩን የሚያስታውቀው የፍጥነት ስሜት ሳይሆን ቴርሞሜትር ነው። በፋብሪካው ሠንጠረዥ ከተፈቀዱት ፒኞኖች ትንሹን ገጥሞ ለሦስት ደቂቃ በሚነዳበት ሜዳ ላይ መንዳት፤ ከዚያም ወዲያውኑ የሞተሩን ቆርቆሮ መለካት ያስፈልጋል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ አንድ ጥርስ ይጨመራል። ከ70 እስከ 75 ከደረሰ በቂ ነው፤ በዚያው መቆም ይገባል። ከ80 ዲግሪ ካለፈ ሁለት ጥርስ መቀነስ ግድ ነው። በአንድ ጊዜ አራትና አምስት ጥርስ መጨመር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ሳይነካ ከሩቅ የሚለካው የሠራተኞች ቴርሞሜትር ነው። በ2020 በሽታው በተነሣ ጊዜ በየበሩ በሰው ግንባር ላይ ይነጣጠር የነበረው ግን አይሆንም፤ ለሰው አካል የተሠራ ስለሆነ ከ40 ዲግሪ ጥቂት ካለፈ በኋላ አያነብም።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ነገር መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን አጥቦ የመውሰድ ችሎታው ያነሰ ነው። ስለዚህ ለቆላ ወይም ለባሕር ዳር ከተማ ተፈትኖ የታተመ ሠንጠረዥ ለደጋ ከተማ ሲውል ከተጻፈው አንድ ጥርስ ዝቅ ብሎ መጀመር ብልኅነት ነው።

ጥርሶቹም ሲገጠሙ በመካከላቸው ልክ ያለው ክፍተት ሊኖር ይገባል። ቀጭን ወረቀት በሁለቱ መካከል አስገብቶ ሞተሩን በብሎኑ ማጥበቅ፣ ከዚያም ጥርሱን አዙሮ ወረቀቱን ማውጣት ነው። ወረቀቱ ተጨማዶ እንጂ ተቀዶ ከወጣ ጥርሱ ጠብቋል ማለት ነው፤ የጠበቀ ጥርስ ይጮኻል፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ሞተሩንም በከንቱ ያሞቃል። የላላ ጥርስ ደግሞ ኮሮናውን ይላጫል። ኮሮናውን ከድንገተኛ ጉልበት የሚጠብቀው ፍሪሲዮንም ባጊው ሲነሣ ለግማሽ ሜትር ያህል እንዲንሸራተት ሆኖ መስተካከል አለበት።

የፍጥነት መቆጣጠሪያው አገባብ

በቀድሞዎቹ ባጊዎች ፍጥነት ይገዛ የነበረው ሰርቮ በሚገፋው ማብሪያና በሬዚስታንስ ነበር፤ ለሞተሩ ያልተፈለገው ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክን ነበር። የዛሬው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ግን ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ለሞተሩ በልኩ ያድለዋል። ይህ መሣሪያ ከሳጥኑ እንደወጣ ቢገጠም ይሠራል፤ በትክክል የሚሠራው ግን ሲስተካከል ነው።

በመጀመሪያ አስተላላፊው ይበራል፤ ቀጥሎ ባጊው ይበራል። ሲዘጋ ግን ባጊው ይቀድማል። ይህ ሥርዐት ከተገለበጠ ባጊው ያለ ነጂ ሊሮጥ ይችላል። ከዚያም የቃታው ሦስት ቦታዎች፣ ማለት መካከሉ፣ ሙሉው ጉዞና ሙሉው ፍሬን፣ ለመቆጣጠሪያው አንድ በአንድ ይነገሩታል። ይህ ካልተደረገ ቃታው ሙሉ በሙሉ ተስቦ እያለ መቆጣጠሪያው በከፊል ብቻ ይከፈታል፤ ወይም ቃታው ተለቆ ሳለ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። ደንበኛው ሞተሩ ደከመ ብሎ ወደ ሱቅ የሚመጣው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመነሻ ኃይሉ ነው። በደረቅና በሚያንሸራትት አፈር ላይ መነሻው ለስለስ ያለ ሊሆን ይገባል፤ አለዚያ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል እንጂ ባጊው አይሄድም። ሦስተኛው ታይሚንግ የሚባለው ነው። ታይሚንግ ወደ ፊት ሲገፋ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ኤሌክትሪክም ይጠጣል፤ ይሞቃልም። ስለዚህ ታይሚንግ የጨመረ ሰው ፒኞኑን መቀነስ አለበት። ሁለቱን በአንድነት መጨመር ያ አባት የደረሰበትን መከራ ማፋጠን ነው። መቆጣጠሪያውም ራሱ ወሰን አለው፤ ከስንት ዙር በታች የሆነ ሞተር እንደማይችል በመመሪያው ላይ ስለሚጻፍ፣ ሞተር ከመሸጥ በፊት ገዢው የያዘውን መቆጣጠሪያ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ፒኞን፣ ታይሚንግና ባትሪ በአንድ ቀን የለወጠ ሰው፣ ቢሻሻልም ቢበላሽም ምክንያቱን አያውቀውም።

ባትሪው፣ ቤትን የሚያሰጋው

የተቃጠለ ሞተር ገንዘብ ያስጠፋል፤ የተቃጠለ ባትሪ ግን ቤት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ሁሉ ይህን ክፍል ልብ ብሎ እንዲያነብ እንለምናለን።

በገበያ ላይ ያሉት ሁለት ዓይነት ባትሪዎች ናቸው። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው በእያንዳንዱ ክፍል 1.2 ቮልት ሲይዝ፣ ስድስቱ ክፍል ተያይዞ 7.2 ቮልት ይሆናል፤ ይህ ስሕተትን ይታገሣል። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው በእያንዳንዱ ክፍል 3.7 ቮልት ሲይዝ፣ ሁለቱ ክፍል 7.4 ቮልት ይሆናል፤ ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ስሕተትን ግን አይታገሥም። ሲሞላ በየክፍሉ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። ሲወርድም ከ3.2 ቮልት በታች እንዳይሄድ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ማቋረጫ በሊቲየም ልክ መስተካከል አለበት። ማቋረጫው ለኒኬል ተደርጎ ሊቲየም ከተገጠመ፣ ባትሪው እስከ ጥልቁ ይወርድና ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ አይሞላም፤ ይወገዳል እንጂ።

አሞላሉም በልኩ ነው። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ5 አምፔር ይሞላል። ቻርጀሩ ለሊቲየም የተሠራ፣ ክፍሎቹንም እኩል የሚያደርግ መሆን አለበት። በሚሞላበት ጊዜ ሰው ከአጠገቡ አይርቅም፤ በአልጋ፣ በምንጣፍ ወይም በመጋረጃ አጠገብም አይሞላም። ለብዙ ቀን የማይሠራበት ከሆነ በየክፍሉ 3.8 ቮልት ያህል ሆኖ ይቀመጣል። እነዚህን ቃላት በአማርኛ በትንሽ ካርድ አሳትሞ ከባትሪው ጋር መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው ብንል አላጋነንም።

ለአስመጪዎች

አስመጪው ትእዛዙን ከመላኩ በፊት አራት ነገሮችን ይመርምር።

አንደኛው የጥርሱ ልክ ነው። ፒኞንና ኮሮና የሚገጣጠሙት የጥርሳቸው ስፋት አንድ ሲሆን ነው። ባለ 48 ፒች የሚባለው ባለ 0.6 ሞጁል ከሚባለው ጋር ለዓይን ቢመሳሰልም አይገጥምም፤ ባለ 64 እና ባለ 32 ደግሞ ጨርሰው ሌላ ናቸው። ለሚሸጡት ባጊዎች የማይገጥም አንድ ካርቶን ፒኞን በመደርደሪያ ላይ የሚያረጅ ገንዘብ ነው። የዘንጉም ውፍረት ይጠየቅ፤ በ540 መጠን ሞተሮች ላይ የተለመደው 3.17 ሚሊ ሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር በጥርስ ተከታታይ የሆኑ ሦስት አራት ፒኞኖች ይታዘዙ።

ሁለተኛው የዕቃው ስያሜ ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ስያሜ አንቀጽ 95.03 መጫወቻዎችንና ተመጥነው የተሠሩ ሞዴሎችን ይይዛል፤ ለብቻው የሚመጣ የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን በ8507.60፣ ለብቻው የሚመጣ የራዲዮ መቆጣጠሪያም በ8526.92 ሥር ነው። በደረሰኝ ላይ ሁሉን በአንድ ስም ማጠቃለል በጉምሩክ ክርክር ያስነሣል።

ሦስተኛው የባትሪው ጉዞ ነው። ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ ዩኤን 3480 በሚባለው ቍጥር የሚታወቅ አደገኛ ዕቃ ሲሆን፣ ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላንም ሲላክ ከአቅሙ ከ30 በመቶ በላይ መሞላት የለበትም። ሻጩ ኩባንያ የዩኤን 38.3 ፈተና ማጠቃለያውን ካልሰጠ ትእዛዙ ባይላክ ይሻላል።

አራተኛው ራዲዮው ነው። ቀድሞ በ27 ሜጋኸርዝ ይሠሩ የነበሩት በክሪስታል ስለሚለያዩ፣ በአንድ ክሪስታል ያሉ ሁለት ባጊዎች በአንድ ሜዳ ላይ መሮጥ አይችሉም ነበር። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው የ2.4 ጊጋኸርዝ ራዲዮ ይህን ችግር አስወግዷል። ቢሆንም አስተላላፊ ምንጊዜም የራዲዮ መሣሪያ ስለሆነ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ በኋላ ከሚመጣው መጉላላት ያድናል።

ለባለ ሱቆች

ባለ ሱቁም ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም። አንድ ቴርሞሜትር፣ የፋብሪካው የጥርስ ሠንጠረዥና አንድ መዝገብ ይበቁታል። ደንበኛው ሲመጣ የባጊውን ዓይነት፣ የሞተሩን ዙር፣ የባትሪውን ዓይነትና የፒኞኑን ጥርስ በመዝገቡ ላይ ይጻፍለት። ሞተር ለሚገዛ ሰው የሚስማማውን ፒኞን አብሮ ይስጠው፤ የፒኞን ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር ሲወዳደር እጅግ ትንሽ ነው።

አሁን ወደዚያ አባት እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን ሻጩ እንዲህ ቢለው ኖሮ፦ «ሞተሩን እሰጥዎታለሁ፤ ነገር ግን ከነበረዎት ሁለት ጥርስ ያነሰ ፒኞን ይግጠሙበት። ሦስት ደቂቃ ነድተው ያምጡልኝ፣ አብረን እንለካዋለን። ቀዝቃዛ ከሆነ አንድ ጥርስ እንጨምርለታለን።» አባትየው በአራተኛው ቀን የሚመጣው የተቃጠለ ሞተር ይዞ ሳይሆን ልጁን ይዞ በሆነ ነበር። ልጁም ጥርስ ማካፈልንና ሙቀት መለካትን ተምሮ፣ በወሩ ሁለተኛ ባትሪ፣ በመንፈቁ አዲስ ጎማ የሚገዛ የረጅም ጊዜ ደንበኛ በሆነ ነበር።

ፍጥነትን ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ጊዜ ይሸጣል። ሞተርን ከጥርስ፣ ጥርስን ከባትሪ አስማምቶ የሚሸጥ ግን ደንበኛውን ለዓመታት ያቆየዋል።